ማንም የማይለው ቃል

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ከመቃብር ቆፍሬ አላወጣሁትም። ከመዝገበ ቃላት ነው። እሱንም የሰጡኝ ጋሼ ዓለሙ ናቸው፣ የገዛ አያትሽ፣ እናትሽ ሳትወለድ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የነበሩ ሰውዬ። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ይሄን ለርብቃ ልጽፍላት ስል ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። እዚህ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ግቢው በር ላይ ዝናብ ያዛት። ጃንጥላዋን እየዘረጋች ቀና ብላ አየችኝ። እኔም በዋትሳፕ ጻፍኩላት፣ በእንግሊዝኛ፣ ማንም ሳያግዘኝ፤ ዓይኖችሽ ግሊስተሪንግ ናቸው ብዬ። በድምፅ መለሰችልኝ። ግማሹ ሳቅ ነው። ኢምባካሲ ካርጎ ቢሮ አብረዋት የሚሠሩት ከኋላ ሲንጫጩ ይሰማል። «ቶሎሳ ሙት፣ ይሄን ቃል እኮ ማንም አይለውም። ከየትኛው መቃብር ቆፍረህ አወጣኸው?»

ማንም አይለውም ትላለች። እኔ አልኩት አይደል እንዴ።

ደግሞ ለእሷ ብዬ አይደለም። ቃሉን ለመሞከር ነው። ፊት ለፊቴ የነበረችው እሷ ስለሆነች ነው።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ዝናብ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያጠብኩት አንድ ፕሮቦክስ መኪና ብቻ።

በዚህ ወር ናይሮቢ ላይ መኪና የሚያሳጥብ የለም፣ ሰማዩ በነፃ ያጥብለታል። ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ግን እንደ እኔ የሚያጥብ አለ የሚል ካለ ይምጣ። አዎ፣ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስምንተኛ የጨረሱት ደግሞ የእኔን ባልዲ ይሞላሉ።

ሥራ ስለሌለ ጋሼ ዘንድ ተቀምጬ ዋልኩ። ጋሼ የርብቃ እናት የእትዬ ዘመናይ አባት ናቸው። በምግብ ቤቷ በረንዳ ላይ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ ባለችው ወንበር፣ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። እኔ ከጓሮ ባለችው ክፍል ተከራይቼ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ስወጣ አንድ ቃል ይሰጡኛል። ማታ ስመለስ የት እንደተጠቀምኩበት ይጠይቁኛል። ካልተጠቀምኩበት «በላኸው» ይሉኛል።

ልዩ ሰው ናቸው። አፌን ሳልከፍት በቦቲዬ ድምፅ ብቻ «ቶሎሳ፣ ዛሬ ቸኩለሃል» ይሉኛል። መዝገበ ቃላቱን ሳይገልጡት ገጹን ይነግሩኛል። «ከላይ ሦስተኛው ነው፣ አንተ አንብበው፣ ምላስህ ይፈታ።» አሁን አሁን ጋዜጣውንም የመድኃኒታቸውን ብልቃጥም የማነብላቸው እኔ ነኝ። ንባቤን ይወዱታል።

ይሄን ደብተርም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «ማንም አያይብህም፤ ሲያልቅ እኔ ብቻ አያለሁ፣ ስህተቱን በቀይ አርምልሃለሁ» ብለው። የመጀመሪያውን ደብተር ሞልቼ ሰጥቻቸው ሁለት ሳምንት አቆይተው መለሱልኝ። አንድም ቀይ የለበትም። መጨረሻው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጥሩ ነው» ብለዋል፣ እኔ የጻፍኩበት ላይ ወጥቶ፣ ሰያፍ ሆኖ። ሰማንያ ገጽ፣ ዜሮ ስህተት። ለርብቃ ስነግራት መሬት መሬት አየች።

ቅናት ነው።


ዓርብ፣ ኤፕሪል 25

ስለ ቃሉ ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ።

የሰጡኝ ፌብሩዋሪ ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱ የሚያብረቀርቅ ይላል፣ በቃ። ጋሼ ግን በአንድ ቃል አይለቁም። «ልጄ፣ ብልጭልጭ አለ፣ እሱ የከረሜላ ወረቀት ነው። ማብረቅረቅ አለ፣ እሱ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው፣ ዓይን ያስጨፍናል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ብዙ ትንንሽ ብርሃን ነው። እዚህ ሲጠፋ እዚያ ይመጣል። ውሃ ላይ፣ ጤዛ ላይ።»

ከየት እንዳገኙትም ነገሩኝ። ጎባ ሲያስተምሩ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት አብረው ሲሄዱ የገብስ ማሳ ላይ ጤዛ አይታ፣ «አንተ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ትላለህ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አለቻቸው። አላወቁትም። ሦስት ቀን መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ቆዩና አራተኛው ቀን የአስተማሪዎች ክፍል ገብተው ይሄን ቃል በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፉላት። «ከዛስ?» አልኳቸው። «ከዛማ አነበበችው» አሉኝ። አንዳንዴ ወሬያቸው መጨረሻ የለውም።

እኔ ታዲያ ወዲያው ነው የገባኝ። መኪና ዋክስ ተቀብቶ ውሃ ሲረጩበት፣ ውሃው ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ኮፈኑ ላይ ይቆማል። ፀሐይ ሲመታው ያ ነው፣ ግሊስተሪንግ። ከዛ ቀን ጀምሮ ኮፈን ማድረቅ ትቼ ነበር፣ እንዲያዩት። ሁለት ደንበኛ ተጣላኝ። አንዱ ሲያየው ቆይቶ «እውነትም» አለ።


እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ዛሬ ተናደድኩ። አልተሳሳትኩም።

ካማው ኢምባካሲ የሚሄድ ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ወያላ ነው፣ ማታቱውን እኔ ጋ ነው የሚያሳጥበው። ቃሉን በስልክህ ፈልግልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ከጎኑ፣ ድሮ ይባል የነበረ፣ አሁን የማይሠራበት፣ ይላል። «ሃበሺ፣ ይሄን የሚሉ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል» አለኝ። ልጆቹ ባልዲ ጥለው ሳቁ። ባልዲ የሚሞሉልኝ ልጆች።

ቀጥ ብዬ ወደ ቤት። በረንዳው ሙሉ ሰው ነው፣ ከቤተክርስቲያን የተመለሰ ምሳ ይበላል። ጋሼ ቦቲዬን ሰምተው ፈገግ አሉ፣ «ቶሎሳ፣ የት ተጠቀምክበት?» አሉኝ።

ያልኩትን እጽፈዋለሁ። «የሞተ ቃል እየለቃቀምክ መሳቂያ አደረግከኝ። አንተም ቃልህም ጊዜያችሁ አልፏል» አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተው መዝገበ ቃላቱን ፈለጉት። አፍንጫቸው ስር ነበር። ሲያገኙት ዘጉት። «አዎ፣ ቆይቷል» አሉ።

ይሄው ነው።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

አንተ አልኳቸው።


ሐሙስ፣ ሜይ 1

በዓል ነው፣ ሥራ የለም፣ ዝናብ አለ።

በአምስት ቀን አንድም ቃል አልሰጡኝም። ጠዋት ቦቲዬን ሆን ብዬ መሬት ላይ እየደበደብኩ አልፋለሁ። «ደህና አደርክ» ይሉኛል፣ እንደ ማንኛውም ተከራይ። ትናንት ሻይ ሲቀዱ ከስኒው ውጭ ፈሰሰ፣ ዝም ብለው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ተናደው ነው መሰለኝ። ሮጬ ልጠርግ ስል «ተወው» አሉኝ።

ሰው በአንድ ቃል እንዲህ ይኮርፋል? እኔ ስንት ስድብ ጠጥቼ ነው ያደግኩት።


ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ርብቃ ዛሬ መኪና የማጥብበት ካር ዎሽ ድረስ መጣች። እዚያ መጥታ አታውቅም። ልብሴን ሳላስተካክል።

«አባባ ቀጠሮውን ሰረዘ» አለችኝ።

«የምን ቀጠሮ?»

«የዓይኑን።» አየችኝ። «አታውቅም እንዴ? ሲሪየስሊ? ሁለት ዓመት አብረኸው ተቀምጠህ?»

ነገረችኝ። የጋሼ ግራ ዓይን ካለቀ ቆይቷል። ቀኙን ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት፣ ሌላውን በጆሯቸውና በእጃቸው ነው። ሐኪሙ ሜይ 22 ሊያወጣላቸው ቀጠሮ ይዞላቸው ነበር። ካሁን በኋላ ከቆየ ሞራው ይጠጥራል፣ ዓይኑም አብሮ ይሄዳል ብሏል። ወር ሙሉ ለምነዋቸው እሺ ብለው ነበር። ባለፈው እሑድ ማታ እትዬ ዘመናይን ጠርተው «ሰርዢልኝ» አሏት። ለምን ስትላቸው «ለማን ላነብ ነው?» አሉ።

እኔ ያን እሑድ ምን እንዳልኩ ርብቃ አላነሳችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደብተሬስ?» አልኳት። «አንብበው እኮ ጥሩ ነው ብለውኛል።»

«ማሚ ናት እጁን ይዛ ያጻፈችው» አለች። «እስክሪብቶው ቀይ መስሎት ነበር።»

ከዛ ከረጢቷ ውስጥ ሳምቡሳ አውጥታ ሰጠችኝና ሄደች። ምን ያደርግልኛል ብላ እንደሆነ አላውቅም። በላሁት።


ሰኞ፣ ሜይ 5

ሰማንያ ገጽ ዜሮ ስህተት ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ዛሬ ወጥ ቤት ድንች ስልጥ እትዬ ዘመናይ «ከዛ መደርደሪያ ላይ ሰፊውን ትሪ አውርድልኝ» አለችኝ። ከትሪው ኋላ ያረጀ ፎቶ አለ። አንዲት ሴት ሰሌዳ አጠገብ ቆማለች፣ ሰሌዳው ሙሉ ቁጥር።

«እናቴ ናት» አለች። «ጎባ። ሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ካለፈች አሥራ አንድ ዓመቷ።»

ሒሳብ አስተማሪ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ቆይ።

የሞተ ቃል ነው ያልኳቸው።


ረቡዕ፣ ሜይ 7

የካማው ማታቱ እኛ አጠገብ ያለው ጋራዥ ውስጥ አዲስ ቀለም እየተቀባ ነው። ወይን ጠጅ ከብር ጋር፣ ያማረ ነው። ስሙን ግን አልወሰኑም። ቀለም ቀቢው የኳስ ተጫዋች ስም ይላል፣ ሹፌሩ የእናቱን ስም ይላል። እኔ ጣልቃ ገባሁ። እኔን የሚችለኝ የለም እንዲህ ባለ ነገር።

«የኳስ ተጫዋች ያለበት ማታቱ ሞምባሳ ሮድ ላይ ሃምሳ አለ» አልኳቸው። «ማንም የማይለውን ስም ብታወጡለት ነው ሰው የሚያስታውሳችሁ።»

ካማው ገባው። «ያንን የሞቱትን ሰዎች ቃል?»

«እሱን።»

ቃሉን ደጋግሞ ጮኸው፣ ተሳፋሪ እንደሚጠራ። «ግሊስታ፣ ግሊስታ፣ ኢምባካሲ!» ሹፌሩ ሳቀ። ቀለም ቀቢው መሰላል ይዞ መጣ። መዝገበ ቃላቱን ከበረንዳው መውሰድ ስላልቻልኩ ፊደሉን አንድ በአንድ ከራሴ ነገርኩት። በልቤ ይዤዋለሁ። ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ጻፈው፣ ከሰው ቁመት በላይ ረዝሞ።

ለጋሼ ልነግራቸው በረንዳው ድረስ ሄድኩ። «ደህና አመሸህ» አሉኝ። ዞሬ ገባሁ።

አሥራ አምስት ቀን ቀርቷል።


ዓርብ፣ ሜይ 9

በራሴ ይቅርታ ልጠይቅ ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም አፌ ስለ አየሩ አወራ። እኔ። አፌ ሥራ የማይፈታው።

ስለዚህ ሽማግሌ ልልክ ነው። በአገራችን እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ትልቅ ሰው የበደለ ትልቅ ሰው ይልካል። ጋሽ አለኸኝን ጠየቅኩ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴው፤ ናይሮቢ ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ እሱ ያልሰማው ብቻ ነው። ሁለተኛው አቶ ሚልኬሳ ናቸው፣ ከእኛ ጸሎት ቤት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን እምቢ አላሉኝም።

«ምን እንበል?» አለኝ ጋሽ አለኸኝ።

«ያጠፋሁትን ያውቁታል። በቀጥታ አይናገሩት፣ በዙሪያው ይሂዱ።»

«በዙሪያው መሄዱን ለእኔ ተወው» አለኝ።


ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ። ከመጀመሪያው።

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ሙሉ ልብስ፣ ከላይ ነጭ ነጠላ። እኔ ከሮቶው ጀርባ ተደበቅኩ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እትዬ ዘመናይ ብቅ ብላ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። ጋሽ አለኸኝ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ።

ያን ጊዜ ነው የተበላሸው። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት። ቅዳሜ ቀን። ነጠላ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ያላገባች ልጅ አለች። እኔ ይሄን እንዴት አላሰብኩትም? እትዬ ዘመናይ ሽርጧን ፈታች፣ ጓዳ ገብታ ስልክ ደውላ ተመለሰች። ፊቷ በራ።

ጋሽ አለኸኝ ጀመረ። «የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ ቶሎሳ ነው። ልጁ አፉ ይቀድመዋል እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው። ከዚህ ቤት ተለይቶ መኖር አልሆነለትም። እህል አልወርድ ብሎታል።»

ውሸት ነው፣ ጠዋት አራት ቻፓቲ በልቻለሁ።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች እትዬ ዘመናይ።

«እንግዲህ እናንተም እንደ ልጅ አይታችሁት፣ ከቤታችሁ እንድታስጠጉት ነው ልመናችን።»

«እኔ ደስታዬ ነው። ግን የዘመኑ ልጅ ናት፣ እራሷ ትጠየቅ። ደውዬላታለሁ፣ መንገድ ላይ ናት።»

አቶ ሚልኬሳ ወደ ጋሽ አለኸኝ ዞሩ። «የቷ ናት?» አሉት ቀስ ብለው።

ማንም ሳይመልስላቸው ጋሼ ሳቁ። ከሆዳቸው፣ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ። ሁለት ሳምንት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ከሮቶው ጀርባ ዓይኔን አበስኩ፣ ዝናብ ስለነበረ።

መውጣት ነበረብኝ። ለዛ አይደለም የመጡት፣ ለይቅርታ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ አላውቅም።

ርብቃ ደረሰች። ጫማዋ ጭቃ፣ ፀጉሯ የረጠበ። «ማን ነው የላከው?» አለች።

«ቶሎሳ» አለች እናቷ።

«ይሄ ቦቲ?» ከዛ ወደ ሮቶው ዞረች። «ውጣ። ቦቲህ ይታያል።»

ወጣሁ። እንዴት እንዳየችኝ ልጽፍ አልችልም። የተቆጣች ትመስላለች፣ ግን አፏ ዳር ላይ ሌላ ነገር አለ። አሰበች። ርብቃ ስታስብ ያስፈራል።

«ማሚ፣ ሽማግሌ ከመጣ ባዶውን አይመለስም አይደል?»

«አይመለስም።»

«እሺ። እኔ የምመልሰውን በኋላ እመልሳለሁ። መጀመሪያ አባባ ይጠየቅ። ሐሙስ ሃያ ሁለት ሐኪም ቤት ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ቶሎሳን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቶታል እንጂ አይቶት አያውቅም። ይየው። አይቶ እሱ ይንገረኝ። እስከዛ ለማንም መልስ የለኝም።»

ጋሽ አለኸኝ ነጠላውን አስተካከለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ነገር ተናገረ። «ጋሽ ዓለሙ፣ እሄዳለሁ ካላሉ አንቀመጥም።»

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሼ።

«አንቀመጥም።»

«ሚልኬሳ፣ አንተ ጉልበትህን ያምሃል።»

«በጣም ያመኛል» አሉ አቶ ሚልኬሳ፣ ቆመው።

ብዙ ቆሙ። ዝናቡ ቆመ፣ እነሱም ቆሙ። አቶ ሚልኬሳ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። ጋሼ ትንፋሻቸውን ይሰማሉ፣ ሁሉን ይሰማሉ።

«ቶሎሳ የት አለ?»

«እዚህ ነኝ፣ ጋሼ።» ሄጄ ጉልበታቸውን ያዝኩ። አፌ ስለ አየሩ ሊያወራ ሲል ነከስኩት። «ይቅር ይበሉኝ። አንተ አልኳችሁ» አልኩ፣ አንድ የነበሩትን ብዙ አድርጌ ተንተባተብኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። «ያ ቃል ምን ነበር ትርጉሙ?»

«ብዙ ትንንሽ ብርሃን። እዚህ ሲጠፋ እዚያ የሚመጣ።»

«አልበላኸውም ማለት ነው።» ከዛ ወደ ሽማግሌዎቹ። «እሄዳለሁ። አሁን ያን ሰውዬ አስቀምጡልኝ፣ ይወድቃል።»


ሐሙስ፣ ሜይ 15

ርብቃ ዛሬ በካማው ማታቱ ነው የመጣችው። ጎኑን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም። ቆይታ፣ «ቢሮ ውስጥ ሁሉም ግሊስታ መጣ፣ ግሊስታ አለፈ እያለ ነው፣ ያንተ ጥፋት ነው» አለችኝ።

የማታቱውን ስም ለጋሼ አልነገርናቸውም። ቃል ግን እንደገና ይሰጡኛል።


ሐሙስ፣ ሜይ 22

ሐኪም ቤት። መጠበቂያ ክፍል ሆኜ ነው የምጽፈው።

ገቡ። ሲገቡ እጄን ይዘው ነበር፣ ነርሷ ናት ያላቀቀችን። እሳቸው ናቸው የፈሩት፣ እኔ አይደለሁም።

እትዬ ዘመናይ ትጸልያለች። ርብቃ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ምን ትጽፋለህ አለችኝ፣ ደብተሩን ከደንኩት።

ካልሆነስ? ያ ዓይን ካልዳነ፣ ያን እሑድ ለሌላ ነገር ተናድጄ ሌላ ቦታ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው የምኖረው።

ወጡ። በደንብ ሄዷል ብሏል ሐኪሙ። ነገ ይፈታል።


ዓርብ፣ ሜይ 23

ፋሻውን ሲፈቱላቸው መጀመሪያ እትዬ ዘመናይን አዩ። «ሸበትሽ» አሏት። አለቀሰች፣ ሳቀች። ርብቃን አገጯን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሯት። «የሒሳብ አስተማሪዋን ግንባር ነው የያዝሽው» አሏት።

ከዛ እኔን። ከላይ እስከ ታች። እኔ ዛሬ ቦቲ አላደረግኩም፣ ሸሚዝ አስተኩሻለሁ።

«ቶሎሳ ነህ?»

«ነኝ።»

«ረጅም ነኝ ብለኸኝ ነበር።»

ርብቃ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ ረጅም ነኝ ብያቸዋለሁ፣ ያዩኛል ብዬ አላሰብኩም።

በኮንትራት ታክሲ ስንመለስ ሞምባሳ ሮድ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ፀሐይ ወጥቷል፣ ሁሉም መኪና እርጥብ ነው። ከጎናችን ባለው መስመር የካማው ማታቱ ቀስ እያለ መጣና መስኮታችን ላይ ቆመ። አላቀድኩትም። አቅጄው ነበር ብዬ አወራለሁ፣ እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ።

ጋሼ ሐኪሙ ያደረገላቸውን ጥቁር መነጽር ከፍ አደረጉ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። ጨርሰው ደግመው አነበቡት። የዝናቡ ነጠብጣብ ፊደሉ ላይ ቆሞ ነበር። ካማው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ግሊስታ፣ ግሊስታ» ይላል። አንዲት ሴትዮ ከነልጇ ሮጣ ተሳፈረች፣ «ግሊስታ ጠብቀኝ» እያለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለተኛዋ ፊደል ትንሽ ጠምማለች» አሉ።

«ቀለም ቀቢው ነው» አልኩ።

«ተዋት፣ ታምራለች።» መነጽሩን መለሱ። ከስሩ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። ሐኪሙ የሰጣቸው ጠብታ ነው መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ «ደብተርህን አምጣ። ቀይ እስክሪብቶም አምጣ፣ ቀለሙን እኔው አያለሁ» አሉኝ።


ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ጋሼ፣

ከዚህ ገጽ ይጀምሩ። ዶክተሩ ለአንድ ሳምንት በቀን አንድ ገጽ ብቻ ብሏል። ከፊት ከጀመሩ እዚህ እስኪደርሱ ዝናቡ ያልቃል። በትልልቁ ነው የጻፍኩት፣ መስመር እየዘለልኩ።

ሌላው ገጽ ላይ የሚያፍሩብኝ ብዙ ነው። ቀድጄ ላወጣው ነበር፣ ተውኩት። ኤፕሪል 27 ላይ አንተ የሚል አለ። ሌላውን ስህተት እንደፈለጉ ያድርጉት፣ እሱን ግን በወፍራሙ ይሰርዙልኝ።

ኤፕሪል 22 ላይ ስለ ርብቃ «ለእሷ ብዬ አይደለም፣ ቃሉን ለመሞከር ነው» የሚለውን ደግሞ አያርሙት። ውሸት ነው፣ ግን ፊደሉ ትክክል ነው።

እንግዲህ አይተውኛል። አጭር ነኝ። አምስተኛ ክፍል ነኝ። መኪና አጥባለሁ፣ እንደ እኔ የሚያጥብ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ያን ቅዳሜ፣ ሽማግሌ ለይቅርታ ነበር የላክሁት። ደግሜ ልላክ፣ አሁን አውቄ፣ ለርብቃ? ጋሽ አለኸኝ ዝግጁ ነው። አቶ ሚልኬሳ ወንበር ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።

አዎ ወይም አይ፣ በቀይ፣ እዚሁ ስር። ርብቃ ስድስት ተኩል ላይ ከሥራ ትወጣለች፤ ከዛ በፊት ይመልሱልኝ።